የምጽዋ ውኃ ሲሸሽና ሲመለስ

ወንድሜ ከቤት የጠፋው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ብዙም አልቆየም ነበር፤ ደባርቅ ላይ አንድ ወጣት ወጥቶ ካልገባ ሰው ሁሉ ክፉ ክፉውን ነበር የሚያስበው። የእኛው ግን ያለበት ኅዳር ሳይወጣ ተሰማ። ከአስመራ የመጣ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ሊማሊሞን ወጥቶ ሞተሩን ሲያበርድ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «የየኔታ ልጅ ምጽዋ ነው ያለው፤ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ጀልባ ላይ አየሁት» ብሎ ተናገረ። ወሬው እኛ ቤት የደረሰው ሾፌሩ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ነው።

አባቴ መርጌታ ነበሩ። ከተማው በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። ዜማ ያስተምራሉ፤ በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ ቆጥረው የሚያወጡትም እሳቸው ናቸው። ጨረቃዋ ስንት ሌሊት እንደሆናት ለማወቅ ቀና ብለው ሰማይ አያዩም፤ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይናገራሉ። ያን ዕለት ግን ምንም አልቆጠሩም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከደጅ እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ ደጅ ተመላለሱ።

«ሂዱና አምጡት» አለች እናቴ። «ልጄ ውኃ ላይ ምን ይሠራል? ዋና እንኳ አያውቅም።»

«እሄዳለሁ» አሉ አባቴ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ?»

«ስንቁን ማን ይይዝላቸዋል? በሕመም ቢወድቁስ?»

ያልኩት እውነት ነው፤ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አልነበረም። በልጅነቴ ዳባት ተድሬ፣ ከባሌ ጋር ሳንስማማ ቀርተን፣ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ዓመት አልፎኛል። ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ እሠራለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ እግሬ አያርፍም። እህል አበጥሬ የጨረስኩትን ደግሜ አበጥራለሁ። ዘመዶቼ ደግሞ ዳባት ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጎልማሳ አግኝተውልኝ፣ ከገና በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ተነግሮኛል። ሰውዬው መልካም ሰው ነው ይባላል። መልካምነቱን በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ።

ወደ አስመራ በሚመለስ ኤንትሬ ጋቢና ውስጥ ተሳፈርን። ሊማሊሞን ስንወርድ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ጀመር። እኔ አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ገደሉን ሳይ ሾፌሩ «እህቴ፣ ወደ ውስጥ ግቢ» እያለ ይቆጣል። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ልቤ ቀለል ይለኛል። ተከዜን ተሻገርን፤ ሽሬን፣ አክሱምን አለፍን፤ በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። ከአስመራ ቁልቁል ደግሞ ሌላ መኪና ይዘን ጉም ውስጥ ገባን። ከጉሙ ስንወጣ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። አባቴ ጋቢያቸውን አወለቁ። በሰው ፊት ያለ ጋቢ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ምጽዋ ላይ ወንድሜ የሚሠራበትን ቤት ለማግኘት አልተቸገርንም። ከደገኛ ልጅ ጋር የሚያጠምድ ዓሣ አጥማጅ አንድ ብቻ ነበር። ቤቱ ከሳንቃ የተሠራ ሆኖ ባሕሩ ዳር ነው። የዓሣ አጥማጁ ሚስት ወጥታ ተቀበለችን፤ ዐረብኛና ትግርኛ የተቀላቀለበት አማርኛ ትናገራለች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ስትስቅ መላ ሰውነቷ የሚስቅ ሴት ናት።

«ልጃችሁ ደኅና ነው» አለችን። «ከባሌ ጋር ባሕር ላይ ናቸው።»

«መቼ ይመጣሉ?» አሉ አባቴ።

እሷም እጇን ዘርግታ ወደ ውጭ አሳየችን። ከቤቱ ፊት ለፊት ባሕር ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ቦታ ጭቃ ነው። ሁለት ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። ወፎች ጭቃው ላይ ይለቅማሉ። ውኃው ወዲያ ማዶ፣ እንደ ቀጭን መስመር ሆኖ ያብረቀርቃል።

«ውኃው ሄዷል» አለች። «እሱ ሳይመለስ እነሱ አይመጡም። ጀልባው ጭቃ ላይ አይሄድማ!»

«የት ነው የሚሄደው?» አሉ አባቴ፣ በጣም ተጨንቀው።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ በእሳቸው ግን አልሳቀችም። ተቀመጡ ብላ ተምር አቀረበችልን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ውኃው የነገረችንም ያን ዕለት ነው። ባሕሩ በቀንና በሌሊት ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ዛሬ ጠዋት የሞላ ነገ ትንሽ አርፍዶ ነው የሚሞላው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ ውኃው ይበረታል፤ ርቆ ይሸሻል፣ ተመልሶም ከፍ ብሎ ይመጣል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን ይሰንፋል፤ ዓሣውም አብሮ ይሰንፋል።

አባቴ ተምሩን እንደያዙ ቀሩ። አውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ ሄደ።

«ዛሬ ዐሥራ አራት ሌሊት ናት» አሉ።

«ዐሥራ ሦስት ናት» አለች ሴትዮዋ።

«ዐሥራ አራት ናት፣ እመቤቴ።»

«አባ፣ እኔ ትናንት ማታ አይቻታለሁ፤ ውኃውንም አይቼዋለሁ። ገና ናት።»

ለአንዲት ቀን ልዩነት ተከራከሩ። አባቴ የእሳቸው ቆጠራ ለጾምና ለበዓል እንጂ ለዓሣ የተሠራ እንዳልሆነ፣ ከሰማይዋ ጨረቃ አንዳንዴ በቀን ሊለይ እንደሚችል ነገሯት። እሷም «እንግዲያው ሁለታችንም ልክ ነን» አለችና ተወችው። ከዚያ በኋላ ግን አባቴ መቀመጥ አልቻሉም። ጭቃው ዳር ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተክለው፣ ውኃው መመለስ አለመመለሱን ያያሉ። ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ወዲያው ይወጣሉ። እኔም ከኋላቸው ወጣ ገባ አልኩ። ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንደዚያ ተቻኩዬ ጠብቄ አላውቅም።

ውኃው ሲመጣ እንደ ጎርፍ እየጮኸ አልመጣም። በጭቃው ስንጥቅ ስንጥቅ እንደ እባብ እየሾለከ ገባ። ቀና ስል ጀልባዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ አንድ ሸራ ታየ።

ወንድሜ ጠቁሯል፤ ከስቷል። የዓሣ ቅርጫት ተሸክሞ እየሳቀ ሲወርድ አባታችንን አየ። ቅርጫቱን ውኃው ውስጥ ጣለና ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። አባቴ ራሱን ዳሰሱትና «ነገ እንሄዳለን» አሉት።

ወንድሜ ሸራውን ሊያወርድ ተመለሰ። የተበተነውን ዓሣ የለቀምነው እኔና ሴትዮዋ ነን።

በማግሥቱ አልሄድንም። ወንድሜ እንቢ አላለም፤ እሺም አላለም። «አባባ፣ አንድ ጊዜ አብረውኝ ወጥተው ይዩ። ከዚያ በኋላ ና ካሉኝ እመጣለሁ» ብሎ ለመናቸው። ዓሣ አጥማጁም፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው፣ በሚስቱ አስተርጓሚነት «እንግዳዬን ደረቅ እግሩን አልመልሰውም» አለ። ሊያወጣን የፈለገው ግን ጨረቃዋ ከሞላች በኋላ ውኃው በሚበረታበት ቀን ስለሆነ መጠበቅ ነበረብን።

አባቴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ካሉ አገልጋዮች ዘንድ እያደሩ፣ ቀን ቀን ባሕሩ ዳር ይውላሉ። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ከቤት የያዝነውን ዳቦ ቆሎ በሻይ እያራሱ ይበላሉ። እኔ ሴትዮዋ ቤት እያደርኩ፣ እሷን ተከትዬ ሥራ ጀመርኩ። ባሕሩ ውስጥ ሥራቸውን ተክለው የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎች አሉ፤ ውኃው ሲሞላ ትናንሽ ዓሦች እነሱ ውስጥ ገብተው ይበላሉ። መጉደል ሲጀምር የሚወጡበት አንድ ጠባብ በር አለ። መረቡን እዚያ በር ላይ እንዘረጋለን። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። መረቡን ገና ዘርግተን ሳንጨርስ ዓሦቹ እጄ ላይ ሲመቱ ይሰማኛል።

«አሁን ነው፤ አሁን!» ትለኛለች። «ውኃው ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ቆሞ ከዋለማ ምን ይንቀሳቀሳል?»

ማታ ስንመለስ እግሬ በስለታም ዛጎል ተቆራርጦ ይደማል። ግን ተኝቼ የምነቃው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ሲነጋ ነው። ደባርቅ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።

የወጣነው ፀሐይ ገና ከፍ ስትል ነው። ዓሣ አጥማጁ፣ ወንድሜ፣ አባቴና እኔ። ትንሽ ሞተር ያላት፣ ሸራም የምትይዝ ጀልባ ናት። አባቴ መሐል ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ጠርዝ ጨብጠዋል። ከሁለት ትናንሽ ደሴቶች መካከል ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ስንደርስ፣ ውኃው መጉደል ጀምሮ ኖሮ፣ በዚያች በር በኩል እንደ ክረምት ወንዝ ወደ ጥልቁ ባሕር ይወርዳል። ላዩ ይሽከረከራል። ድንጋይ የሌለበት ቦታ ድንጋይ እንዳለበት ሆኖ ይጎብጣል። ሞተሩ ድንገት አንዴ አስነጠሰና ቆመ።

ወንድሜ ገመዱን ደጋግሞ ሳበ፤ አልነሳ አለ። ጀልባዋ ፊቷን አዞረች። ደሴቶቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ አየሁ። ከፊታችን ያለው ባሕር ብቻ ነው።  የአባቴ ከንፈር በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

«ሸራውን!» ብዬ ጮኽኩ፣ ስለ ሸራ ምንም ሳላውቅ።

«ነፋስ የለም» አለ ወንድሜ።

ዓሣ አጥማጁ ግን አልተቻኮለም። በሩ ማዶ አንድ የሰጠመ አለት አለ፤ እሱ ያውቀዋል። ጀልባዋ በአጠገቡ ልታልፍ ስትል መልሕቁን ጣለ። ገመዱ ተወጠረ፣ ጮኸ፣ ያዘ። ውኃው በሁለት ጎናችን እየፏጨ ያልፋል፤ እኛ ግን ቆመናል። ሰውዬው መንጠቆ አወጣና ትናንሽ ዓሦች ሰካበት።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ አባቴ። «ቀዝፈን አንመለስም እንዴ?»

ወንድሜ መለሰላቸው። «አባባ፣ ይህን ውኃ ቀዝፎ የሚያሸንፈው የለም። ሲጨርስ ራሱ ይዞን ይመለሳል። እስከዚያው እናጥምዳለን።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪዞር ድረስ።»

ወንድሜ ከባድ የእርሳስ ቁራጭ ያለው ክር ሰጠኝ፤ ቀላሉን ውኃው ስለሚነጥቀው ነው። ትልልቆቹ ዓሦች ከአለቱ ጀርባ፣ ውኃው ረጋ በሚልበት ጥላ ውስጥ ሆነው፣ አፋቸውን ወደሚመጣው ውኃ አዙረው ይጠብቃሉ አለኝ። ምግባቸውን የውኃው ጉተታ ያመጣላቸዋል፤ ክራችን አለቱን አልፎ እነሱ ፊት እንዲወርድ ማድረግ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሲይዝ ክሩ መዳፌን እንደ ቢላ ቆረጠው። አልለቀቅሁትም። ወንድሜ ሊያግዘኝ ሲመጣ «ተወኝ!» አልኩት። ስቤ ስቤ ሳወጣው ቀይ፣ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ክንዴን የሚያህል ዓሣ ነው። እግሬ ሥር ሲፈራገጥ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፋታ አልነበረም። አንዱን ስንጥል አንዱ ይይዛል። አባቴ እንኳ ሳይታወቃቸው ጠርዙን ለቀው፣ የወጣውን ዓሣ በመቋሚያቸው ጫፍ ወደ መሐል ይገፉልን ጀመር። ቀስ በቀስ የውኃው ፉጨት ቀነሰ፤ የመልሕቁ ገመድ ላላ። ባሕሩ እንደ ዘይት ፀጥ አለ። ዓሣውም ቀጥ አለ፤ አንድ ስንኳ አልነካንም።

«ውኃው ቆመ» አለ ዓሣ አጥማጁ በአማርኛ። ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያው አማርኛ እሱ ነው።

ፀጥታው ከጉተታው ይልቅ አስጨነቀኝ። አባቴም አሁንም አሁንም ወደ ፀሐይዋ ያያሉ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ነው ወንድሜን የጠየቁት። «ልጄ፣ እዚህ ምን አግኝተህ ነው?»

ወንድሜ ሞተሩን ፈቶ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ በሸሚዙ እየጠረገ ነበር። «እኔንጃ አባባ። ደባርቅ ስሆን ሁልጊዜ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ እፈልጋለሁ። እዚህ ስሆን መሄዱ ራሱ ሥራ ነው።»

አባቴ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። በኋላ እንዲህ አሉ፤ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ውኃው እያዩ። «እኔ ዜማ ፍለጋ ከቤት ስወጣ ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ጎጃም ገባሁ፤ ወሎ ተሻገርኩ። አንዱን መምህር ጨርሼ እቀመጣለሁ ስል ሌላ ጋ ይሻላል ይሉኛል፤ እነሣለሁ። ተመልሼ ስመጣ አባቴ የሉም ነበር።»

ከመልሕቁ ወዲህ ገመዱ ቀስ ብሎ አቅጣጫውን ለወጠ። ጀልባዋ ዞረች። ውኃው ተመለሰ፤ ዓሣውም ተመልሶ ያዘልን። በቂ ሲሆን መልሕቁን አነሡ፤ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በሁለት መቅዘፊያ ብቻ እየተመራን፣ ባሕሩ ራሱ በዚያችው በር መልሶ አስገባን። ዳርቻው ላይ ሴትዮዋ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ጋቢያቸውን አጥፈው ያዙ። ወንድሜን «እዚሁ ቆይ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው «እኛ እንነሣ» ሲሉ ከመሬቱ አልተነሣሁም።

«አባባ፣ እኔም ልቆይ።»

መጀመሪያ አልሰሙኝም መሰለኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ለእናትሽ ምን እላታለሁ? ልጅሽን ላመጣ ሄጄ ሌላዋንም ጥዬ መጣሁ ልበላት?»

«ከወንድሟ ጋር ናት ይበሏት።»

«የዳባቱስ ሰውዬ?»

«አልፈልገውም አባባ። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ድሮም አልፈለግሁትም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የዓሣ አጥማጁ ሚስት ገባችና «አባ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት፤ እኔ ጋ ትተኛለች፣ እኔ ጋ ትሠራለች» አለቻቸው። አባቴ በመስቀል ቅርጽ እጃቸውን አንሥተው ባረኩን፤ እሷንም ጨምረው። መኪናው ላይ ሲወጡ እኔና ወንድሜ ግራና ቀኝ ደገፍናቸው። በመስኮቱ ሆነው ያሉኝ «እግርሽን አታቁስዪ» የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምጽዋ ከሴትዮዋ ጋር ዓሣ እየሸጥኩ ኖርኩ። መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል ሰው ሳልጠይቅ ማወቅ ጀመርኩ። ውኃው ሲቆም ተኛሁ፤ ሲንቀሳቀስ ሠራሁ። ለእናቴ በሾፌሮች በኩል የደረቀ ዓሣና ጨው እልካለሁ፤ እሷ ደግሞ «ነይ» የሚል መልእክትና ቅቤ ትልካለች። ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። ከዚያ የመንግሥትና የአማፅያኑ ጦርነት ወደ ከተማዋ ተጠጋ። የአስመራ መንገድ ተዘጋ። ጀልባዎች ከዳርቻው እንዳይርቁ ተከለከለ፤ ውኃው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ የሚወጣበት ሰው የለም። የዓሣ አጥማጁና የሚስቱ ዘመዶች ከባሕሩ ማዶ ስለነበሩ ባልና ሚስቱ አንድ ጠዋት ተደብቀው በጀልባቸው ሄዱ። ሴትዮዋ አቅፋኝ ብዙ ቆየች። የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔና ወንድሜ በጭነት መርከብ አሰብ ወረድን። እሱ እዚያው ባሕር ላይ ሥራ አገኘና ቀረ። እኔ በአዲስ አበባ በኩል፣ በጎንደር በኩል ዞሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። አውቶቡሱ ኮሶዬን አልፎ ዳባት ሲቆም ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። የሚያውቀኝ ሰው አልመጣም።

እናቴ ደጅ ላይ አገኘችኝ። መጀመሪያ ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ። ከዚያ ያዘችኝና አልለቀቀችኝም። አባቴ አርጅተዋል። ተቀምጬ እህል ከመቅመሴ በፊት ስለ ሴትዮዋ ጠየቁኝ፤ አላውቅም ስላቸው ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ደባርቅ እንደገና ጠበበችኝ። ጨረቃ በሞላች ቁጥር ከእንቅልፌ እነቃለሁ፤ አሁን ውኃው እዚያ ጭቃ ላይ እየሾለከ ይሆናል እላለሁ፤ እነሣና ያለ ምክንያት ደጁን እጠርጋለሁ። ጎረቤት «ምን ሆና ነው?» ይላል። በመጨረሻ ጨውና ሳሙና በበቅሎ ጭኜ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን ገበያ መመላለስ ጀመርኩ። መንገዱ ሸካራ ነው፤ ቁልቁለቱ ያንገዳግዳል። ግን ስሄድ ደኅና ነኝ።

አንድ ጠዋት በቅሎዋን ስጭን እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ከደባርቅ ገበያ አልፋ የማታውቅ ሴት ናት።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ልጆቼን ሁሉ የወሰደው መንገድ ምን እንደሚመስል ልየው» አለች።

እያሾፈች መስሎኝ ነበር። ቡይት ራስ የሚባለው ቦታ ስንደርስ ግን ደክሞኝ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ቁልቁል ቆላውን አየች፤ ዘወር ብላም «ተነሺ፣ ይመሻል» አለችኝና የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ወደ ፊት ቀደመች።